ስም ተጠርቶ ለቀሩ ልጆቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለሽሮ ሜዳና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ ለእድሮቻችን አባላት፣ እንዲሁም በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የወላጆች፣ የመምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች የጋራ ኮሚቴ አባላት ነን። ጉዳያችን በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ተመዝግበው፣ ስማቸው በየጠዋቱ እየተጠራ፣ እነርሱ ግን በሳምንት አንድና ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንቱን ሙሉ ከክፍል የማይገኙት ልጆች ናቸው።

ስለ ትምህርት ጥራት በተነሳ ቁጥር የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ደንግጧል፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ሲሆንም ብዙ ተብሏል። ከዚያ ውጤት በፊት፣ ገና 9ኛ ክፍል ላይ፣ ስንት ወንበር ባዶ ሲውል እንደነበረ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። በአንዳንድ አገሮች አንድ ተማሪ ከትምህርት ቀናቱ አንድ አሥረኛውን ከቀረ፣ ያስፈቀደም ሆነ ያላስፈቀደ፣ ክትትል ያስፈልገዋል ተብሎ ይያዛል። የእኛን የትምህርት ዘመን ወደ 200 ቀን ብናደርገው ይህ 20 ቀን ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን መቅረት ማለት ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ቀን የቀረን ልጅ ወላጁም፣ ስም ጠሪ መምህሩም፣ እርሱ ራሱም እንደ ቀሪ አይቆጥረውም።

የሚቀረው ሁሉ የፎረፈ እንዳይመስላችሁ። ፑል ቤትና ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ መኖራቸውን አንክድም፤ ነገር ግን መምህራኑ በየቤቱ እየሄዱ ሲጠይቁ የሚያገኙት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምሳ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በጀመረው የትምህርት ቤት ምገባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ቁርስና ምሳ ያገኛሉ፤ ይህም ለሰፈራችን ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ማዕዱ ይቀራል። በሰኔ ትምህርት ቤት ይበላ የነበረ ልጅ በመስከረም ጾሙን ይውላል፣ ወይም ለምሳ ብሎ ወጥቶ ከሰዓት አይመለስም። የምገባው ወሰን 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃው የበጀት ጉዳይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ የ15 ዓመት ልጅ ረሃብ ግን ከ14 ዓመቱ ልጅ ያንሳል የሚል ሰው ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰፈራችን ኑሮ ራሱ ነው። ሽሮ ሜዳ በሸማ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ መጥተው እዚህ የከተሙት የዶርዜ ሸማኔዎች ያለበሱት የአዲስ አበባ ቤት ጥቂት ነው። አንዱን ቤት ገብታችሁ ብታዩ ሸማኔው እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድና የሸማ ዕቃው የክፍሉን እኩሌታ ይዘዋል፤ ያለችው አንዲት አምፖል የተንጠለጠለችው ከሥራው በላይ ነው፤ ልጁ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጠው አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ የአባቱን ክር እያደወረ ነው። ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ የነጭ ልብስ ትእዛዝ ይበዛል፣ ነጋዴው ይቸኩላል፣ ቤተሰቡም የዓመቱን የቤት ኪራይ ጉድለት የሚሸፍነው በዚያን ጊዜ በሚያገኘው ነው። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በስም መጥሪያው ላይ የቀሪ ምልክት እየበዛ ይሄዳል። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና የሚሰጠው ደግሞ በጥር መጨረሻ ነው፤ ልጁ ከሸማው ተነስቶ በቀጥታ ፈተና ላይ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ይህን ስንል ሸማኔውን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጁን ሙያ ማስተማሩ የሚያስመሰግነው ነው። ጥያቄው ሙያውና ትምህርቱ በአንድ ወቅት እንዳይጋጩ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ወርደው የሚሸጡ እናቶች ልጆችም አሉ። እናት ስትታመም ሸክሙ የሚወርደው በታላቂቱ ሴት ልጅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ለመሙላት ቤት የምትውለውም እርስዋ ናት፤ የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ሞዴስ መግዣ አጥታ፣ በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃና የሚዘጋ በር አጥታ ትቀራለች። ሦስቱ ተደምረው አንዲት ልጅ በወር ምን ያህል ቀን ክፍል እንደምትገኝ ለመገመት ብዙ ሂሳብ አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱ በራሱ አሠራር የሚያባብሰው ነገርም ነበር። ጠዋት አሥር ደቂቃ የዘገየ ተማሪ በር ይዘጋበታል፤ ማርፈዱ የሙሉ ቀን መቅረት ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ደግሞ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። በቀን ሥራ የምታድር እናት ለዚህ ስትል የቀን ገቢዋን ስለማትተው ልጁ ወላጅ እስኪያመጣ ሌላ ሳምንት ይጨምራል፣ ወይም እንደ ተለመደው ከመንገድ ላይ «አጎት» ተከራይቶ ይመጣል፤ በኪራይ የመጣው አጎት ደግሞ ከእውነተኛው ወላጅ ይበልጥ አምርሮ ሲቆጣ ያላየ መምህር የለም። ርዕሰ መምህሩና ዩኒት መሪዎቹ ሁለቱንም ደንቦች ለማሻሻል ተስማምተዋል፤ ያረፈደ ተመዝግቦ ይገባል፣ የቀረን ተማሪ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት በመጥራት ፈንታ ከትምህርት ቤቱ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ገንዘብ አልጠየቀም።

ገንዘብ የሚጠይቀው የሚከተለው ነው። እድር ቀብር ላይ የቀረውን አባል በዚያው ቀን ያውቃል፤ ታሞ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ያለ ምክንያት ከሆነም ይቀጣል። ለትምህርት ቤታችንም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ልጁ በቀረ በሁለተኛው ቀን ቤቱ ደርሶ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው፣ ምክንያቱም በትንሽ ገንዘብ የሚፈታ ከሆነ እዚያው የሚፈታ ሣጥን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለት የክትትል ሠራተኞች እንቀጥራለን። አንዷ ሴት ትሆናለች፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ጋሞኛ የሚናገር እንዲሆን ወስነናል፤ በአማርኛ «ደህና ነው፣ ይመጣል» ብለው የሚሸኙን ወላጆች በቋንቋቸው ሲጠየቁ እውነቱን እንደሚናገሩ አይተናልና። ከስም ጠሪ መምህራኑ በየቀኑ የቀሪዎችን ዝርዝር ተቀብለው በስልክና በእግር ይከታተላሉ።

ከዚያ ቀጥሎ ምሳ ነው። በከተማው ምገባ ምግብ የሚያዘጋጁት የአካባቢው እናቶች እንደሆኑ ሁሉ፣ እኛም ሥራውን እንጨት ከሚሸከሙት እናቶች መካከል ለተመረጡት እንሰጣለን፤ ልጅ ይበላል፣ እናትም ከተራራው ትወርዳለች። ለጊዜው ማብላት የምንችለው ከሁሉ የባሰባቸውን ነው፤ ምርጫውንም መምህራን ብቻቸውን ሳይሆን ከእድር ተወካዮች ጋር ሆነው ያደርጉታል። ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ውሃ ያለውና ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይዘጋጃል። በሸማ ወቅት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ሆኖ መብራትና አጋዥ መምህር ይኖረዋል፤ ቅዳሜም ያመለጠው ትምህርት ይካካሳል። ቤተሰቦቹ በበኩላቸው ልጁን ከጠዋት እስከ ቀትር ላለማስቀረት እንዲስማሙ እየተነጋገርን ነው።

ለተማሪ ወይም ለቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ እንስጥ የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ብዙ አከራክሯል። በመጨረሻ ከመጓጓዣ በቀር እንዳይሰጥ ወስነናል፤ የመጓጓዣውም ቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሮ ትምህርት ቤታቸውን ላልለቀቁ ልጆች ብቻ ነው። ይህ ውሳኔ ሁሉንም አላስደሰተም፤ የሸማ ገቢን በድጎማ ልንተካ ብንሞክር ግን ሣጥኑ ከአንድ ወር አያልፍም ነበር።

ከእናንተ የምንለምነው በቅድሚያ የወር መዋጮ ነው። በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚገባ 100 ወይም 200 ብር ይጠቅመናል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የምሳ ወጪ በየወሩ ነውና። በዓይነት መስጠት የምትፈልጉ ዱቄት፣ ምስር ክክ፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሞዴስ አምጡልን። ደብተርና ዩኒፎርም ከሌላ ወገን ስለሚሟላ እባካችሁ ለዚህ ገንዘብ አታውጡ። መምህር የሆናችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁም ጭምር፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብትሰጡን ከገንዘብ አናሳንሰውም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች በየአገራችሁ አንድ ሰብሳቢ መርጣችሁ መዋጮውን በአንድነት በባንክ ብትልኩ፣ በተናጠል ከመላክ ወጪው ይቀንሳል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ ወጪ የሚሆነው ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከቀድሞ ተማሪዎች በተወከሉ ሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ነው። ለእያንዳንዱ ገቢ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጣል፤ በየሦስት ወሩ ሒሳቡን የእድሮቻችን ተቆጣጣሪዎች መርምረው ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። የልጆቹን ስምና ፎቶግራፍ ግን በምንም መንገድ አናወጣም፤ ለጋሽ ቢጠይቀንም አንሰጥም። የምናሳውቃችሁ በየወሩ ስንት ተማሪ እንደቀረ፣ ስንቱ እንደተጎበኘና ስንቱ እንደተመለሰ ነው፤ ያልተመለሱትንም ቁጥር ጨምረን።

የክትትል ሠራተኞቹ ሥራ መጀመር ያለባቸው የሸማው ወቅት ሳይገባ በመሆኑ፣ የወር መዋጮ ቃል የምትገቡ ሁሉ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ በትምህርት ቤቱ በሚገኘው የኮሚቴው ቢሮ፣ ወይም በእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል እንድትመዘገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ቢሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነው።