«ሁለተኛዋ ምድር» ለማለት አልቸኮላችሁም?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ሁለተኛዋ ምድር ተገኘች» የሚለው ርዕስ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

እውነት ነው፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ይህችው ቀይ ድንክ (ትንሽና ደብዛዛ ኮከብ) ናት። 4.24 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት) ብቻ! «ብቻ» ስላችሁ ግን የጠፈር መንኩራኩሩ ቮዬጀር 1 በሚበርበት ፍጥነት ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነችው፣ «ሁለተኛዋ ምድር» ያላችኋት ፕላኔት ፕሮክሲማ ቢ፣ ኮከቧን በ11 ቀን ገደማ ዞራ ትጨርሳለች። ዓመቷ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ከኮከቧ የምትርቀው 7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እኛ ከፀሐይ 150 ሚሊዮን እንርቃለን። ኮከቧ ደብዛዛ ስለሆነች ግን ርቀቱ ውሃ ሳይተን፣ ሳይረጋም ሊቆይ ለሚችልበት ሙቀት ይመቻል። እናንተም የጻፋችሁት ይህንኑ ነው።

የተዘለለው የኮከቧ ጠባይ ነው። አመለኛ ናት! ድንገት ትገነፍልና ኃይለኛ ጨረር ትረጫለች። ፕላኔቷ ደግሞ አፍንጫዋ ሥር ናት። አየር ነበራት ብንል እንኳ ተጠርጎ ሄዶ ይሆናል።

ሌላም ቀርቷል። ኮከቧን እ.ኤ.አ. በ1915 ያገኛት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሮበርት ኢነስ ነው፤ ያኔ የሚሠራው እዚሁ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ነበር። በግንቦት ምሽት ደቡቡ ካልተጋረደባችሁ፣ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ሳትል የምትደምቀውን ኮከብ አልፋ ሴንታውሪን ከአዲስ አበባም ታዩዋታላችሁ። ፕሮክሲማ እዚያው ጎረቤቷ ናት፤ ያለ ቴሌስኮፕ ግን አትታይም።

የዘወትር አንባቢያችሁ