የአባቴ ቮልስ በአባቴ እጅ ትሰጠኝ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከወላጅ ወደ ልጅ በስጦታ ስለሚተላለፉ አሮጌ መኪኖች የስም ዝውውር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አባቴ 82 ዓመቱ ነው። አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አለችው፤ የ1964 ዓ.ም. ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር። ባለፈው ጥቅምት ከቁርስ በኋላ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት፤ ወረቀቱን ጨርሺ» አለኝ። ወረቀቱ እስካሁን አላለቀም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ቮልሷን የገዛት በ1971 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባው ነው። እናቴ ሦስታችንንም ወልዳ ከሆስፒታል የወጣችው በእሷ ነው። ክረምት ሲመጣ ደብረ ማርቆስ አያቶቻችን ጋ እንሄዳለን። ጎሃ ጽዮን ቆመን ሻይ እንጠጣና የዓባይን በረሃ እንወርዳለን። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንያያዘው ሞተራቸው የፈላ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው መንገድ ዳር ቆመው እናገኛለን። የእኛዋ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያበርደውም አየር ነው። ውሃ አያስፈልጋትም። አባቴ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ሳይዝ ያን መንገድ ሄዶ አያውቅም። ውሃው ለሌሎቹ ነበር።

መንዳትም የተማርኩት በእሷ ነው። አባቴ ጉለሌ ዳገት ላይ ያቆማትና ከኋላ ጎማዋ ሥር የክብሪት ቀፎ ያስቀምጣል። «ቀፎውን ሳትጨፈልቂ ተነሺ» ይለኛል። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ፣ ነዳጁን በልክ መስጠት፣ ወደ ኋላ አንዲት ጣት እንኳን አለመንሸራተት። ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ቀፎው ሳይነካ የቀረ ቀን አባቴ ምንም አላለኝም። ጎንበስ ብሎ አነሳውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። መጀመሪያ የስጦታ ውል ተዋዋልን። የቤተሰብ ሕጉ ከ100 ብር በላይ የሚያወጣ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት በስጦታ ሲሰጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ስለሚል እናቴም መጥታ ፈረመች። ይህንን ሕግ ወድጄዋለሁ። እናቴ ያለ እሷ ፈቃድ እንደማይሆን ስታውቅ ፊቷ በራ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ከዚያ ስም ለማዛወር አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሄድን። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ሰው ለማስቀጣት ብዬ አይደለም ብዕር ያነሳሁት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም የተሰጣትን መመሪያ ነው የምትከተለው።

መርማሪው የሻንሲ ቁጥር ጠየቀ። አባቴ ከዘራውን ለእኔ አቀበለና ወደ ውስጥ ገባ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ወለሉን መሐል ለመሐል ከፍሎ በሚያልፈው ጉብታ ላይ። ወንበሩን አነሳ። ከኪሱ ጨርቅ አወጣ፣ ቤንዚን ነካ አደረገበትና አቧራውን ጠረገ። ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ብቅ አለ። መርማሪው ሊብሬውን ይዞ ሲያነብ አባቴ እያንዳንዷን ቁጥር በጣቱ እየነካ ተከተለው። ሁሉም ገጠመ።

የሞተር ቁጥሩ ግን አልገጠመም። ሊገጥምም አይችልም። የመጀመሪያው ሞተር በ1987 ዓ.ም. አልቆለት አባቴ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሮ ሌላ ገዛ። ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ገጠመለት። ያኔ ሊብሬው ላይ አላስመዘገበውም፤ ይህ ጥፋቱ ነው፣ እሱም ያምናል። ደረሰኙ ግን አለ። ሠላሳ ዓመት ክሩስኮቱ ሥር ስለኖረ ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። «ደረሰኝ አይበቃም፤ የገጠመው ጋራዥ ደብዳቤ ይጻፍ» ተባልን። የጋራዡ ባለቤት ካረፉ ቆይተዋል። ጋራዡ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ይህንን ስናስረዳ ደግሞ የሟቹን የሞት ማስረጃ አምጡ ተባለ። የእኛ ዘመድ ያልሆነ ሰው የሞት ማስረጃ እኛ ከየት እናመጣለን?

በአራት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ተመላልሰናል። አባቴ ሰባቱንም ቀን ኮትና ከረባት አድርጎ ነው የመጣው። ለልጁ ንብረት የሚያስረክብበት ቀን ስለሆነ።

ጎረቤት ሁሉ የሚመክረን አንድ ነገር ነው፦ «ምን አደከማችሁ፤ ውክልና ይስጥሽና ንጂ።» ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ይገባኛል። ስንቱ ሰው የወንድሙን፣ የአባቱን፣ አንዳንዴም ያላየውን ሰው መኪና በውክልና ይነዳል። ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ያኔ ፍርድ ቤት ሄዶ ወራሽነት ማረጋገጥ ይመጣል። ወንድምና እህት ድርሻ ይነጋገራል። ሲስማሙ እሰየው፤ ካልተስማሙ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች። በእኛ ሰፈር ብቻ ሸራ ለብሰው የቆሙ ሁለት መኪኖች አውቃለሁ። ጎማቸው መሬት ነክቷል። ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ለማን መስጠት እንደሚፈልጉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ለአባቴ ይህንን የውክልና ነገር ሳነሳበት ተቆጣ። «ሞቼ እንድትወርሺኝ አይደለም የምፈልገው። ስምሽን ሊብሬው ላይ በዓይኔ ልየው» አለኝ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ስጦታ ሽያጭ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳን ለስጦታ የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶታል። መስኮት ላይ ስንደርስ ግን ገዢና ሻጭ ተደርገን ነው የምንታየው። «ስንት ተሸጠ?» ይሉናል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ መኪና የራሱ ግልጽ መመሪያ ይኑረው፤ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሰው በመጀመሪያው ቀን አሟልቶ ይምጣ።

ሽያጩን ስጦታ እያለ ቀረጥ የሚሸሽ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥንቃቄያችሁ ተገቢ ነው። ግን አባትና ልጅ መሆናችንን የሚያሳይ የወሳኝ ኩነት ማስረጃ አለ። ማንነታችንን የሚያረጋግጥ ፋይዳ አለ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ካላመናችሁን፣ የሚቀረውን ማጣራት መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ተጻጽፎ ይጨርሰው። 82 ዓመት የሆነው ሰው መልእክተኛ አይሁን።

የሞተሩ ነገር ደግሞ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሃምሳ ዓመት የሞላት መኪና ሞተር ሳይቀየርላት አትኖርም። አሮጌ መኪና ላይ ሻንሲው ዋና መለያ ይሁን። ሞተሩ የተሰረቀ እንዳይሆን ፖሊስ ይመርምር፤ ደስ ይለናል። ንጹሕ ከሆነ አዲሱ ቁጥር ይመዝገብና ነገሩ ይለቅ። የፈረሰ ጋራዥ ደብዳቤ ግን ማንም ሊያመጣ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቮልሷ የተሠራችበት 1964 ዓ.ም. ላይ፣ የካቲት ውስጥ፣ ቮልስ በምርት ብዛት ፎርድ ሞዴል ቲን በልጦ የዓለም አንደኛ ሆነ። አባቴ ይህንን ለቤታችን እንግዳ ሁሉ ይነግራል። የመጨረሻዋ ደግሞ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ፣ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። በአጠቃላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም አልተጨመረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ ከባድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም። ለኤሌክትሪክ መኪና ቅድሚያ መስጠታችሁን አልቃወምም። ግን እዚህ ያሉት ቮልሶች ያሉት ብቻ ናቸው። አንዷ ወረቀት አጥታ ስትቆም ተቆራርጣ ለመለዋወጫ ትሸጣለች፤ በምትኳ ሌላ አትመጣም። አባቴ ለእሷ ጥሩ ገንዘብ ያመጡለትን ሁለት ሰዎች ቡና ጠጡ ብሎ ሸኝቷቸዋል።

እኔም ልጠብቃት ተዘጋጅቻለሁ። ቫልቭ ማስተካከል አስተምሮኛል። ካንዴላ እቀይራለሁ፣ ካርቡሬተሯን ፈትቼ አጥባለሁ። የፍሪሲዮን ካቦ ትርፍ አንድ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

አባቴ መስከረም ላይ 83 ይሞላል። ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል ያሠራታል፤ ካወጣት አይቀርም፣ አስፋልቱ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። ጉዳዩን በድጋሚ የሚያይልን ሰው ብትመድቡልን በተባልንበት ቀንና ሰዓት እንገኛለን። የኋላ ወንበሩን ግን በዚህኛው ጊዜ እኔ አነሳለሁ። ጉልበቱን ያመዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ