ያን ሌሊት «አልችልም» ያልኩሽ

እህት ዓለም፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ሳነሳ እጄ ይከብደኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። በሰላምታ ብዛት በደሌን አልሸፍንም፤ አንቺ እንደሆንሽ ገና በሁለተኛው መስመር «ወደ ጉዳይሽ ግቢ» ማለትሽ አይቀርም። እናትሽ ድነው በእግራቸው መሄዳቸውን ከሰው ሰምቼ ብቻዬን አልቅሻለሁ።

ያን ሌሊት ደውለሽ «ያንቺ ደም ይስማማቸዋል፣ ድረሺልኝ» ስትዪኝ «አልችልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ምክንያቱን አልነገርኩሽም። አንቺም መልሰሽ አልጠየቅሽኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው አለመጠየቅሽ ነው። ስንት ጊዜ አብረን ደም ሰጥተናል! መርፌው እስኪወጣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እጄን የምትጨምቂው አንቺ፣ እኔን ፈሪ ብትዪኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ልናዘዝ። ከዚያ ሌሊት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ የቫይረስ ትኩሳት ለቆኝ ድካሙ ግን አልለቅ ባለኝ ጊዜ፣ ኋላ «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» የተባለው በሽታዬ ሲጀምረኝ፣ ለማንም ሳልናገር ደም ሰጥቼ ነበር። ነርሷ «አሁን የሚሰማሽ ሕመም አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ደም መስጠት ካቆምኩ በሽተኛነቴን የተቀበልኩ መስሎኝ ነው የዋሸሁት። የተወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ነው፤ ድሮ ሰጥተን እየሳቅን የምንመለሰው ያው መጠን። በማግስቱ ከአልጋ ስነሳ ልቤ ደረቴን ጥሶ የሚወጣ ይመስል መታ፣ ዓይኔም ጨለመ። ስድስት ሳምንት ተኛሁ። ጤነኛ ሰው ፈሳሹን በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። እንደ እኔ ካሉ ሕሙማን ግን ቆመው መቆየት የሚሳናቸው ብዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹም ላይ ገና ሳይለግሱ የደማቸው መጠን አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ያን ሌሊት እምቢ ያልኩሽ ግን ለራሴ ፈርቼ ብቻ አይደለም። አልጋ ላይ ሆኜ የቆየ ዜና አንብቤ ነበር፦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ይኸው የእኔ ሕመም ካለባቸው 101 ሰዎች በ68ቱ ደም ውስጥ ኤክስኤምአርቪ የተባለ ቫይረስ አገኘሁ ይላል። በ2010 ካናዳ፣ ኒውዚላንድና ብሪታንያ ከእነዚህ ሕሙማን ደም መቀበል አቆሙ። እዚያ ላይ ማንበቤን ተውኩ። ደሜ በማን ሥር ውስጥ እየተዘዋወረ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አደርኩ መሰለሽ! አንቺ ስትደውዪ እናትሽን የምመርዛቸው መሰለኝ፤ ይህን ደግሞ በአፌ ማውጣት አፈርኩ።

መጨረሻውን የነገረኝ ሐኪሜ ነው። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ያንን ውጤት ሊደግሙት አልቻሉም። ቫይረሱ የሰው የፕሮስቴት ካንሰር ዕጢ በአይጥ ላይ ሲራባ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተፈጠረ ነበርና ናሙናዎቹን በክሎ ነው የተገኘው። መጽሔቱ በታኅሣሥ 2011 ጥናቱን ሰረዘው፤ በ2012 የተደረገ ሰፊ ምርመራም ከሕሙማኑ በአንዱም ላይ አላገኘውም። ብሪታንያ ስትከለክል የሰጠችው ምክንያት እንኳ የለጋሹን ጤና ለመጠበቅ የሚል ነበር። ይህን ስሰማ እፎይታና ንዴት አንድ ላይ አነቁኝ። ያኔ ብነግርሽ ኖሮ!

ቢሆንም መዋሸቴን አላቃልለውም። ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ መሣሪያ የማያየውን ግን ለጋሹ ነው የሚናገረው። አሁን እንደ እኔ የታመመ ሰው ደም ልስጥ ወይ ቢለኝ፣ ደምህ ቆሻሻ አይደለም፣ አቅምህ ግን አይችለውምና ተው እለዋለሁ። ኩላሊትን በሕይወት እያሉ መስጠትም እንዲሁ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ምን እንደሚያደርገኝ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ከሞት በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው... እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ግራ ገባኝ። የአካል ልገሳ ቅጹ ፊቴ ተዘርግቷል። የሕመሜ ስም ብቻውን በሩን እንደማይዘጋ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሐኪሞች እያንዳንዱን አካል መርምረው እንደሚወስኑ ተነግሮኛል። ልቤም ይሁን የዓይኔ ብሌን የሚጠቅመው ሰው ካለ ይውሰደው። ለንቅለ ተከላ የማይሆነው ለምርምር ይዋል፤ ይህን በሽታ የሚረዳው ሰው ስንት ናፍቆኛል!

የሚያስጨንቀኝ ቤተሰቤ ነው። ያን ቀን የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፤ «ስትሠቃይ ኖራለች፣ አሁንስ አትንኳት» እንደሚሉ ከአሁኑ ይሰማኛል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እንባ ሳይመልሳት ፈቃዷ ይህ ነበር ብላ የምትናገርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንድም ሌላ ሰው ትዝ አላለኝም።

አንቺን እምቢ ብዬ በምን አፌ እንደምለምንሽ አላውቅም። ቅጹ ላይ «ፈቃዴን የሚያውቅ ሰው» የሚል ቦታ አለ። ስምሽን በእርሳስ ጽፌዋለሁ። እሺ ካልሽኝ በእስክሪብቶ አደምቀዋለሁ።

ያንቺው