ለሚጣዬ፣ ስለ ኪሮሹ

ሚጣዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ?

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። አባትሽ መነጽሩን ፈልጎ አደረገና ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ «ይሄ ድንኳን ነው?» አለኝ። የልጅ ልብስ ነው አልኩት። ዝም አለ። እኔም ሳቄን ዋጥኩት፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ድንኳን ነው የሚመስለው። ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠቧል።

በስልክ ልነግርሽ አሰብኩና ተውኩት። አንቺ በስልክ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ብለሽ ነው የምትዘጊው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ረዘም ይላል፣ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

የጠበበው ለምን መሰለሽ? በየመስመሩ መጨረሻ ያለችውን አንዷን ቀዳዳ እየዘለልሻት ነው። ጥግ ላይ ስለምትደበቅ ጀማሪ ሁሉ ይዘላታል፣ እኔም ዘልያታለሁ። 40 ብለሽ ከጀመርሽ የየመስመሩ መጨረሻ ላይ 40 መሆኑን ቁጠሪ። ቡና ተጠርቶ ከሆነ ቁጠሪና ተነሺ፣ ስትመለሺ ደግሞ ቁጠሪ። እና እጅሽ ጠንካራ ነው፣ ክሩን ታንቂዋለሽ። መጀመሪያ የምትሰሪውን ሰንሰለት ወፈር ባለ የኪሮሽ መርፌ ስሪውና ከዚያ ወደ ቀጭኑ ተመለሺ፣ ታችኛው ጠርዝ አይሰበሰብብሽም።

አሁን ወደ ክሩ። ያ ሮዝ ክር ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን ጥጥ አይደለም። ካላመንሽኝ ከክሩ ቁራጭ ቆርጠሽ በመቆንጠጫ ያዥና ክብሪት አስጠጊበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ያኛው ግን ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ኳስ ይሆናል። እኛ ቤት ደግሞ በቀን ሦስቴ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ፍንጣሪ ይበራል። የሚቀልጥ ነገር ለጨቅላ አላለብስም።

አዲስ አበባ ብርድ ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ግን የምትወልጂው እዚህ እኔ ጋ ነው፣ ይሄን ተስማምተናል። ባሕር ዳርን ደግሞ ታውቂያታለሽ። አሁን በሚያዝያ ዘንባባው ራሱ ጥላ የሚፈልግ ይመስላል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ማታ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል፣ ቀኑ ግን ወበቅ ነው። እንዲህ ላለ አየር ቀጭን ጥጥ ይሻላል። ላብ ይመጥጣል፣ ገላን አያሳክክም። አንድ ችግር አለው፣ ክረምት ላይ ቶሎ አይደርቅም። በሐምሌ አንድ ካልሲ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ የሚያምር ከምትሰሪ ሦስት ተራ ስሪ።

ከቅዳሜ ገበያ ነጭ እና ቢጫ የጥጥ ክር ገዝቼ ሰድጄልሻለሁ። ሳትጀምሪ በፊት ከሁለቱም ትንሽ ቆርጠሽ አብረሽ እጠቢ። ያኔ ላንቺ ስሰራ አንድ ሱቅ «አይለቅም» ብሎ የሸጠልኝ ቀይ ክር በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሁሉ ሮዝ አድርጎት ነበር። ሮዝ ክር ያልወደድኩት ለዚያ ይሆን? እኔንጃ።

በኮፍያ ጀምሪ። አያትሽ ሰፌድ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጠሽ ወስፌዋን ትደብቂባት ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ኮፍያ ማለት እሱ ነው። ሰፌድ ትጀምሪና መሃል ላይ ሐሳብሽን ቀይረሽ ሙዳይ ታደርጊዋለሽ። በ6 አጭር ጥልፍ ትንሽ ቀለበት ስሪ። ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዷ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሁለት ስሪ፣ 12 ይሆናል። ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 24፣ በየዙሩ 6 ብቻ ነው የምትጨምሪው። ዙሪያው እንደ ቀሚስ ጠርዝ ከተጥመለመለ አብዝተሻል፣ ቶሎ እንደ ስኒ ከጎደጎደ አሳንሰሻል። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲሞላ መጨመር አቁሚ፣ በቃ፣ ሰፌዱ ሙዳይ ሆነ። ከዚያ ዝም ብለሽ መዞር ነው፣ ከአናቱ መሃል እስከ ጠርዙ 14 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን። አዲስ የተወለደ ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ኮፍያው ትንሽ አንሶ ይለጠጣል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ግን አውልቂለት። ጎረቤት መጥቶ «ብርድ ይመታዋል» ቢልሽም አውልቂ፣ ሕፃን በጭንቅላቱ ብዙ ሙቀት ያስወጣል።

ከዚያ እጅጌ የሌላት ሰደርያ። ይቺ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ናት፣ ሌላ ጥበብ የላትም። የጀርባዋ 23 በ25 ሳንቲ ሜትር፣ የፊቶቿ ሁለቱም 12 በ25። ትከሻዋን ከውጭ ወደ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፊ፣ የቀረው የፊት ጠርዝ ራሱ ታጥፎ ኮሌታ ይሆናል። ጎኗን ከታች 15 ሰፍተሽ የላይኛውን 10 ለክንዱ ተዪለት። በጭንቅላት የሚጠለቅ ነገር ለጨቅላ አትስሪ፣ አንገቱ ገና አልጠናም፣ እትብቱም እስኪወድቅ መነካካት አይወድም። ደግሞ የክርስትናውን ቀን አስቢ። ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80፣ ሁለቱም ክረምት ላይ ነው የሚውለው። በጠዋት ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ሲጮህ ፊት ለፊት ተከፍቶ ቶሎ የሚለበስ ልብስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያኔ ይገባሻል።

ቁልፍ አታድርጊበት። አንደኛ ይነቀልና ወደ አፍ ይገባል። ሁለተኛ ስታዝይው ደረቱ ጀርባሽ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ቁልፉ እሱንም አንቺንም ይወጋል። ከጎን የምትታሰር አጭር ማሰሪያ ይበቃል። አንገት ላይ ግን ምንም ማሰሪያ አይኑር።

ዳንቴል የመሰለውን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ሞዴል ደግሞ ተዪው። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አውቃለሁ። ላንቺ የሰራሁት የክርስትና ቀሚስ እንደዚያ ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ፣ የለበስሽው ግማሽ ቀን። ጣቶችሽ ቀዳዳው ውስጥ እየገቡ ስታለቅሺ ዋልሽ። ሰው ሁሉ «እጅሽን ይባርከው» ይለኛል፣ አንቺ ትጮሂያለሽ።

ስለ ካልሲው ግን ነግሬሽ አላውቅም። ሦስት ወር ገደማ ሲሆንሽ አንድ ምሽት ማልቀስ ጀመርሽ። ጡት አልያዝሽም። ቁርጠት ነው ብዬ ሆድሽን አሸሁ፣ አባትሽ አቅፎሽ ግቢውን ዞረ፣ አያትሽ ቡዳ ነው ብላ ጸበል ረጨችሽ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ሆንን። በመጨረሻ ልብስሽን ልቀይር ካልሲሽን ሳወልቀው ትንሿ ጣትሽ ቀልታ አብጣለች። ክር ነው። በችኮላ ጨርሼው ውስጡ ላይ የተውኩት የክር ጫፍ ጣትሽን ጠምጥሞ ይዟታል። በትንሿ መቀስ ቆረጥኩት። እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ። ጣትሽ ምንም አልሆነችም፣ በነጋታው ደህና ነበረች፣ እኔ ግን ካልሲውን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ስለዚህ ስትጨርሺ የክሩን ጫፍ በመርፌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመለስሽ ቅበሪው፣ ከዚያ ልብሱን ገልብጠሽ በጣትሽ ዳብሺው። በየእጥበቱ ደግሞ እንደገና ዳብሺው። እኔ የማንንም ልጅ ካልሲ ሳይ አሁንም ገልብጬ ነው የማየው፣ ሰው ይታዘበኛል።

ሱቅ ውስጥ ርካሽ አለ እኮ፣ ለምን እለፋለሁ ብለሽኝ ነበር። አለ። ግን አባትሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበረበት ጊዜ ያስረዳኝን ልንገርሽ። ማሽን ይፈትላል፣ ይሸምናል፣ ሹራብም ይሰራል፣ ኪሮሽን ግን እስካሁን እጅ ብቻ ነው የሚሰራው። ያ ርካሽ የኪሮሽ ኮፍያም አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ የሰራችው ነው። ስንት እንደደረሳት አንቺው ገምቺ።

ካልቻልሽ ፍቺው። ክሩን ጠቅልለሽ እንደገና ጀምሪ፣ ጥጥ መፈታት አይጎዳውም። ካሰለቸሽም ይዘሽው ነይ፣ አጎበሩ ሥር ተኝተሽ አብረን እንሰራዋለን።

የምትመጪበትን ቀን ቁርጡን ንገሪኝ። ለገንፎው ገብሱን ላስፈጭ ነው፣ ቅቤውንም አስነጥሬዋለሁ። ሮዙን ክር እንዳትጥዪው፣ ለሶፋው ልብስ እሰራበታለሁ። ድንኳኑንም አምጪው፣ አባትሽ ለሬዲዮው ይሁንልኝ ብሏል።

እናትሽ
ባሕር ዳር