ካርታውን ገና አይስጡት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹም ትምህርት ጀምረዋል።

ባለፈው በስልክ ያነሱልኝን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በስልክ ከሆነ «እሺ ልጄ» ብለው ቶሎ ስለሚዘጉብኝ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። የአክስቴ ልጅ አይሱዙ ሊገዛ 2 ሚሊዮን ብር ብድር ጠይቋል። ባንኩ ማስያዣ አምጣ ብሎታል። እሱ ደግሞ የደሴውን ቤት ካርታ ከእርስዎ ፈልጓል። «ፊርማ ብቻ ነው፣ ዕዳው ገብስ ነው» ብሎዎታል።

አባባ፣ እኔ የምሠራው ብድር ክፍል ነው። ገብስ አይደለም።

ልጁን ሰነፍ ነው እያልኩ አይደለም። ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ሹፌርነቱንም ያውቅበታል። ግን ሒሳቡን አብረን እንየው። ብድሩ በ18 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት የሚከፈል ነው እንበል። በየወሩ ወደ 50 ሺህ 800 ብር ይመጣበታል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 30 ሺህ ብሩ ወለድ ነው። አንድም ወር ሳያሳልፍ ዓመቱን ሙሉ ከ600 ሺህ ብር በላይ ቢከፍል እንኳ ዋናው ዕዳ ገና ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደንበኛ ቢሮዬ መጥቶ «አታላችሁኝ» ይላል። ማንም አላታለለውም። መጀመሪያ ላይ ክፍያውን የሚበላው ወለዱ ነው።

መኪና ደግሞ በየቀኑ ገንዘብ አያመጣም። መንገድ ይዘጋል፣ ጭነት ይጠፋል፣ ሞተር ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጎማና መለዋወጫ የት እንደደረሰ ኮምቦልቻ ያሉትን ጋራዦች ይጠይቁ። መኪናው ሲቆም ወለዱ አይቆምም። የቅጣት ወለድም ይጨመርበታል።

መክፈል ቢያቅተውስ? ፍርድ ቤት እንከራከራለን ብለው አስበው ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ግን ባንክ ቤቱን ካስያዘው ሰው ጋር በውል ከተስማማ፣ የያዘውን ቤት ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ ሐራጅ ያወጣል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ልብ ብለው አይተውት ያውቃሉ? በአንድ በኩል «የተበዳሪው ስም» ይላል፣ በሌላ በኩል «የአስያዡ ስም»። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስሞች የተለያዩ ናቸው። አስያዡ አንዲት ብር አልተበደረም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው።

ቤቱ ለእናንተ መኖሪያ ብቻ አይደለም። ጡረታዎ የማይሸፍነውን የሚሸፍነው የሰርቪሶቹ ኪራይ ነው። የእማማ መድኃኒትም የሚገዛው ከዚያው ነው። የጋራ ንብረት ስለሆነ እሳቸውም ካልፈረሙ ቤቱ መያዣ አይሆንም። ለመሆኑ እሳቸውን የጠየቀ አለ?

የከበደዎት ሒሳቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህትዎን እምቢ ማለት ነው። እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ እያሉ የሚያነሷትን እህት ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በእኔ ያሳብቡ። «ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው፣ አልፈቀደችም» ይበሉ። ክፉዋ እኔ ልሁን። ለአንድ በዓል ቢያኮርፉኝ ችግር የለውም።

ባዶ እጁን ግን አንሰደው። መኪናው ራሱ መያዣ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ሊብሬውን ይይዛል፣ መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ይገባል፣ ልጁም ከዋጋው ከፊሉን ከኪሱ ያስቀድማል። የሚያስቀድመው ካነሰው እኔና ወንድሜ የምንችለውን እናዋጣለን። እሱን እንደ ስጦታ ነው የምንቆጥረው፤ ቢመልስ ደስ ይለናል፣ ባይመልስም ከቤት አንወጣም። የሾፌሮች ዕቁብ ውስጥም አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። ዕጣው እስኪደርሰው ቢታገሥ፣ ወይም አነስ ያለ መኪና ቢገዛ ምን ይለዋል? በአንዴ ትልቁን ካልያዝኩ ማለቱ ነው እኔን ያስፈራኝ።

በቤቱ ሳይሆን በስምዎ ብቻ ዋስ ይሁኑልኝ ቢልዎትም ያው ነው፤ ቶሎ አይፈርሙ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ ባንኩ እሱን ትቶ በቀጥታ እርስዎን መጠየቅ ይችላል። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር መጻፉን፣ «ወደፊት ለሚወስደው ብድርም» የሚል ሐረግ አለመግባቱን ማየት አለብኝ። ይቺን ሐረግ ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚያልፋት።

በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ልጁን ቡና ላይ ጥሩልኝ፤ ሒሳቡን ከፊቱ አስቀምጬ አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያ ካርታውን፣ ፎቶ ኮፒውንም ቢሆን፣ ለማንም እንዳይሰጡ። ለአክስቴ እኔ ራሴ እደውልላታለሁ።

እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ