የፊዚክስ ምሩቅ ከባንክ በር ለምን ይመለሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ባለፈው ዓመት የገጠማት ነገር ነው። ልጅቱ የቢቸና ገበሬ ልጅ ስትሆን በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃለች። አባቷ ጤፉን በየትኛው ወር ቢሸጥ እንደሚሻለው ለማወቅ ስትል የእያንዳንዱን የገበያ ቀን የኩንታል ዋጋ ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር መዝግባ፣ የዋጋውን መዋዠቅ በፓይተን ፕሮግራም አስልታዋለች። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ በግራ በኩል ቀኑ፣ በቀኝ በኩል ዋጋው፣ በኅዳጉ ደግሞ «ዝናብ»፣ «መንገድ ተዘጋ»፣ «የዓቢይ ጾም መግቢያ» የሚሉ ማስታወሻዎች ሰፍረውበታል።

አንድ ባንክ ለሥጋት አስተዳደር ክፍሉ ጀማሪ ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርሁ። መዝጋቢው ማስታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከአካውንቲንግ ወደ ማኔጅመንት፣ ከማኔጅመንት ወደ ኢኮኖሚክስ እያወረደ ከተመለከተ በኋላ «ፊዚክስ የሚል የለም» ብሎ ሰነዷን መለሰላት። ደብተሩን ከቦርሳዋ ለማውጣት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። መዝጋቢው የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም፤ ቅሬታዬ ያን ዝርዝር ባዘጋጁት ሰዎች ላይ ነው።

ፊዚክስና የገንዘብ ገበያ እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። ሉዊ ባሼልዬ የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ገበያ የመንግሥት ቦንድ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በሒሳብ የተነተነበትን የዶክትሬት ጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1900 ነበር። የተጠቀመበት ሒሳብ አይንስታይን በ1905 በውኃ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ ብናኞችን የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ካስረዳበት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ኦፕሽን የሚባለውን ውል፣ ማለትም አንድን ንብረት ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብትን፣ ዋጋ የሚተምኑበትን እኩልታ አሳተሙ። ይህ እኩልታ ጥቂት ለውጥ ሲደረግበት ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸውን እኩልታ ይሆናል፤ ብላክም የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በፊዚክስ ነበር። ዛሬ በኒውዮርክና በለንደን ኳንት የሚባሉትን፣ ማለትም የገበያ ዋጋንና ሥጋትን በሒሳብ የሚያሰሉ ባለሙያዎችን የሚቀጥሩ ተቋማት የፊዚክስ ምሩቃንን ፈልገው የሚወስዱት ስለዚህ ነው። እጩዎቹን በፕሮባቢሊቲ ጥያቄና በፕሮግራም አጻጻፍ ይፈትኗቸዋል፤ የተፈተነው ሰው ዲግሪ ስም ግን ብዙም አያስጨንቃቸውም።

ይህን ስል ፊዚክስ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሾልስና ሮበርት መርተን አጋር የሆኑበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት በዓመቱ፣ ሩሲያ ዕዳዋን መክፈል ባቆመች ጊዜ፣ ሊንኮታኮት ደርሶ ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ደግፈውታል። የብረት ዘንግ አይደነግጥም፤ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ግን ደንግጦ ሁሉም በአንድ ቀን ለመሸጥ ይሮጣል። ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን፣ የወለድ አሠራርንና የባንክ ሕግን መማር አለበት፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለፊዚክስ ተማሪዎች ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ እነዚህን ኮርሶች በምርጫ እንዲወስዱ ቢፈቅዱላቸው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይሆንም። በኅዳጉ ላይ ጾሙንና ዝናቡን የጻፈችው ልጅ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን የሰው ኑሮ ማየትን በራሷ መንገድ ጀምራዋለች።

በአገራችን ኦፕሽን የሚገበያይ ሰው ስለሌለ ይህ ዕውቀት ለእኛ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የዶላር ዋጋ ቢንር ወይም ቢወርድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማስላት ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ለጎጃም የጤፍና የበቆሎ ገበሬ የዝናብ እጥረት መድን እናዘጋጅ ብንል እንኳ የድርቁን ዕድል አስልቶ አረቦኑን የሚተምን ሰው ያስፈልገናል። ይህ ሁሉ ተማሪዬ በደብተሯ ላይ ስትሠራው የነበረው ሥራ ነው።

በእኛ አገር ከዋሸራ ወይም ከዲማ የቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት የሚሄድ ተማሪ አዲሱ መምህር ፊት ቆሞ ቅኔውን ያሰማል፤ የሚመዘነውም በዚያው ነው። ከባንኮቹ የምጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። በማስታወቂያቸው ላይ «ፊዚክስና ሒሳብን ጨምሮ» የሚል አንድ ሐረግ ጨምረው የጽሑፍ ፈተና ይስጡ፤ የወደቀው ይመለስ፣ ያለፈው ይቀጠር። ተማሪዬ በአሁኑ ጊዜ በአንድ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበር በገንዘብ ያዥነት ትሠራለች፤ የጤፉን ዋጋም እስከ ዛሬ መመዝገቧን አላቆመችም። የባንክ የሰው ሀብት ኃላፊዎች የፊዚክስ ምሩቅን የማይመዘግቡበትን ምክንያት በዚሁ ገጽ ቢያስረዱን፣ እኔም ሆንሁ ክፍሌ ውስጥ «ፊዚክስ ተምሬ ምን እሆናለሁ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ልጆች በአክብሮት እናነብባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ