ቀዩ አምፖልና ጥቁሩ ጥለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ድሮ ፎቶ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «ያኔ ፊልም የሚታጠበው በቀይ መብራት ነበር» ያላችሁት የልጅ ልጄን ፊልም ሊያቃጥልበት ነበር። መታጠቢያ ቤቱን በብርድ ልብስ አጨልሞ፣ ቀይ አምፖል ሰክቶ፣ ሊከፍተው ሲል ደረስኩበት።

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ካሜራ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቀዩ አምፖል ውሸት አይደለም። ፎቶ ቤት ገብታችሁ ያያችሁት ለወረቀቱ የበራውን ነው፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ አያይም። ከፊልም ወገን ደግሞ ቀይ የማያየው ኦርቶክሮማቲክ ነው፤ እኛ «ኦርቶ» ነበር የምንለው። ሰማያዊና አረንጓዴ ያያል፣ ቀይ ለእሱ ጨለማ ነው። ዛሬ የሚሸጠው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አብዛኛው ፓንክሮማቲክ ነው፤ ሁሉንም ቀለም ስለሚያይ ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጥፋቴ ነው። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የአክስቴን ልጅ ሠርግ አንስቼ፣ ፊልሙን እንደለመድኩት በቀዩ አምፖል ሥር ዘረጋሁት። ምስሉን ከሚያወጣው ኬሚካል፣ ከዴቨሎፐሩ፣ ሳወጣው ብርሃን ነክቶት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል ሆኗል። አክስቴ እስክታርፍ ድረስ በየበዓሉ ታነሳብኝ ነበር።

ኦርቶን ማጠብ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! የሚታተመውን ገጽ ለማንሳት የምንጠቀምበት «ሊዝ» (lith) የሚባለው የኦርቶ ፊልም ዓይነት ዴቨሎፐሩ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ በሁለት ዕቃ ይመጣል። ከተደባለቀ ቶሎ ስለሚሞት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ነው የምንበጠብጠው። ትሪውን በአንድ ጥግ ከፍ ዝቅ እያደረግን ዓይናችንን እንተክላለን፤ ዙሪያው ጠቁሮ ፊደሉ እንደ መስታወት ጥርት ሲል አንስተን ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ውስጥ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር፣ የሚያየው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። እዚያው ገጽ ላይ ነጠላ የለበሰች ልጅ ፎቶ አውጥታችሁ፣ ጥለቱ ጥቁር ስለሆነ «ሐዘን ላይ ሳትሆን አትቀርም» ብላችኋል። እኔ እንጃ! ከንፈሯን እዩት፣ ኩል የተቀባ ይመስላል። ሰማዩ ደመና እንኳ የሌለበት ነጭ ወረቀት ነው። ይህ የኦርቶ ጠባይ ነው፤ ሰማያዊውን ያነጣል፣ ቀዩን ያጠቁራል። የእኛንም መልክ ከሆነው በላይ ያጠይመዋል። ጥለቱ ቀይ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ምናልባት ሠርግ እየሄደች ነበር።

እንዳታጣጥሉኝ ሞክሬ አሳያችኋለሁ። ኢልፎርድ «ኦርቶ ፕላስ» የሚባል ፊልም ዛሬም ይሠራል፤ የቀን ብርሃን ላይ የፊልሙ ፍጥነት (ISO) 80 ነው። ልጄ ከውጭ ሁለት ጥቅል አምጥታልኝ፣ ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ሰሌን ላይ ያሰጣችውን ዛላ በርበሬ አነሳሁት፤ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16፣ የመዝጊያው ፍጥነት አንድ ስልሳኛ ሰከንድ። ማታ ቀዩን አምፖል አብርቼ፣ ጥቅሉን በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን ይዤ፣ ሳህን ውስጥ እያመላለስኩ አጠብኩት። ሲታተም ያ እንደ እሳት የሚፋጅ በርበሬ ኑግ የተሰጣ መስሎ ወጣ። አረንጓዴ እንጥልጥሉ ብቻ ግራጫ ሆኖ ተለይቷል። ባለቤቴ አይታ «ይሄ የኔ በርበሬ አይደለም» አለች።

ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የመብራቱን ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ፤ ካሜራ የሚዋሱ ልጆች እንደ ድሮው በዝተዋል። የልጅቷን ነጠላ ደግሞ ፎቶውን የሰጧችሁን ቤተሰብ ጠይቁ፤ አልባሳቱን ያስቀመጠ አንድ ሰው አይጠፋም።

የቀድሞ የካሜራ ክፍል ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ